ኩሬ፣ የአሸዋ ግድብ፣ ቢርካ፣ የጣራ ውሃ ወይስ ጉድጓድ? ድርቅ ለሚመላለስበት መንደር የውሃ አማራጮች ንጽጽር

ድርቅ በሚመላለስበት አካባቢ የውሃ ሥራ ሲታሰብ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከመጠን ይነሣል፦ ስንት ሜትር ኩብ ይይዛል? ዝናብ ሲያበቃ ግን የሞላ ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስላል። መጠየቅ ያለበት በመጨረሻው ደረቅ ወር፣ ሳሩ አልቆ ከብቱ ሲከሳ፣ ከያዘው ውስጥ ስንት ባልዲ ለሰው ይደርሳል የሚለው ነው። በዚህ ሲመዘን ከሰፊ ኩሬ አንድ ጠባብ ጉድጓድ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ መመሪያ አምስቱን አማራጮች የሚያነጻጽረው በዚሁ ሚዛን ነው።

ስሌቱ ከደረቁ ቀናት ይጀምር

መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ያዙ። አንደኛው የደረቁ ቀናት ብዛት ነው፤ ጎርፍ ያስገባ የመጨረሻው ዝናብ ከጣለበት ቀን አንሥቶ ቀጣዩ ጎርፍ እስኪገባ ያለው ማለት ነው። አማካዩን አትውሰዱ። አዛውንቱን ስለ ክፉው ዓመት ጠይቁና የዚያን ዓመት ቀናት ቁጠሩ። ውሃው የሚያስፈልገው ለዚያ ዓመት ነው፤ ደህናው ዓመት ራሱን ያወጣል።

ሁለተኛው የዕለት ፍላጎት ነው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በሰው 15 ሊትር በቀን ያዙ፤ ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መመዘኛ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ይህ ነው። ከብት በቀን 25 ሊትር ገደማ፣ ፍየልና በግ ከ4 እስከ 5፣ አህያ 15 ገደማ ይጠጣሉ። ግመል በአማካይ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች፤ ቀናት ተጠምታ ከመጣች ግን በአንድ መቆም 100 ሊትር ልትጨርስ ስለምትችል ገንዳው ለዚያ ቀን መብቃት አለበት።

ለማነጻጸር እንዲመች 400 ሰው፣ 200 ከብትና 600 ፍየል ያለበትን መንደር እንውሰድ። ለሰው 6 ሜትር ኩብ፣ ለከብት 5፣ ለፍየል 2.4፣ በድምሩ 13.4 ሜትር ኩብ በቀን ይሆናል። ደረቁ ወቅት 180 ቀን ቢቆይ ለሰው ብቻ 1,080፣ ከነእንስሳቱ 2,412 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከግማሽ በላዩን የሚጠጡት እንስሳት ናቸው። ስለዚህ የሰውና የእንስሳ ውሃ ከአንድ ቦታ ይቀዳ ወይስ ይለይ የሚለው ውሳኔ ከግንባታው ዓይነት ምርጫ እኩል ይከብዳል። እንደ እኛ ግምት መለየቱ ሁልጊዜ ይሻላል፤ ለእንስሳ የሚበቃ ደለላም ውሃ ሰውን ያሳምማል፣ ለሰው የተጣራውን ደግሞ ለመንጋ ማጠጣት ብክነት ነው።

ቁጥሩን ከቦቴ ጋር አስተያዩት። 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ የዚህን መንደር ሰው ብቻ ለ180 ቀን ለማጠጣት 108 ምልልስ ይጠይቃል። ቦቴ ሕይወት ያተርፋል፤ ሊታቀድበት ግን አይገባም።

ኩሬ፦ ጥልቀቱ ከስፋቱ ይቅደም

ኩሬ በሰው ጉልበት ሊቆፈር ስለሚችል፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ብዙ ስለማይጠይቅ ቀድሞ የሚመረጠው እሱ ነው። የሚጠላውም ቶሎ ስለሚደርቅ ነው። ሁለት ሌቦች አሉበት፦ ትነትና ስርገት። በሞቃትና ነፋሻማ ቆላ ከተገለጠ ውሃ ላይ በቀን ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ይተናል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ መሬት ደግሞ ሌላ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ታች ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው በቀን 9 ሚሊሜትር ቢሆኑ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ማንም አንድ ጣሳ ሳይቀዳበት በ167 ቀን ባዶ ይሆናል። የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን ቀኑ አይለወጥም፤ የሚያተንነውን ይጨምራል እንጂ። ሰፊና ጠፍጣፋ ኩሬ ቆፍሮ በጥር አፈር ማየት ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን 3 ሜትር ጥልቀት፣ ከላይ 30 በ30፣ ከታች 18 በ18 ሜትር የሆነ ኩሬ ውሰዱ። ዳሩ በየ1 ሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ወደ ውስጥ እየገባ የሚወርድ፣ የማይናድ ዘቅዛቃ ነው። ሲሞላ 1,764 ሜትር ኩብ ይይዛል። በዚያው 9 ሚሊሜትር ኪሳራ ለ180 ቀን እኩል እየተቀዳ ቢቆይ በቀን ሊሰጥ የሚችለው 4.3 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነው። በወቅቱ ሁሉ 770 ሜትር ኩብ ያህል ማለት ነው፤ ከተያዘው ከግማሽ በታች። ከላይ የተነሣውን መንደር ሰው ብቻ እንኳ አያዳርስም። ይህን ሳያሰሉ «1,700 ሜትር ኩብ አለን» ብሎ መተማመን ነው መንደር የሚጎዳው።

አፈሩን ሳትፈትኑ አትቆፍሩ። እርጥብ አፈር በእጅ እርሳስ አክሎ እስኪቀጥን አድቦልብላችሁ እንደ ቀለበት እጠፉት። ሳይሰነጠቅ ከተጠማዘዘ ሸክላማ ነው፤ ከተበጣጠሰ አሸዋ ይበዛበታል። ቀጥሎ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩና ማታ ውሃ ሙሉት፤ አፈሩ ሲጠግብ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሙሉትና ሸፍናችሁ በ24 ሰዓት ስንት እንደወረደ በእንጨት ለኩ። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ቢወርድ ተጠቅጥቆ ይስተካከላል። ጉድጓዱ ከጠጣው ግን ወይ ቦታ ቀይሩ፣ ወይ መደልደያ አዘጋጁ።

መደልደያው ሸክላ ከሆነ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲሜትር ሆኖ ይነጠፋል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ የሚድበለበል፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ደርቆ የተጠቀጠቀ ሸክላ ጥብቅ መስሎ ያሳልፋል። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጥሩ ይይዛል፤ ኩሬው በየዓመቱ የሚደርቅ ከሆነ ግን ይሰነጠቅና የመጀመሪያዎቹ ጎርፎች በስንጥቁ ይጠፋሉ። ጥቂት ውሃ ከታች ማስቀረት ከዚህ ያድናል።

ፕላስቲክ ወይም ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ) ስርገቱን ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል፤ ዕድሜው ግን በአነጣጠፉ ይወሰናል። ከሥሩ ድንጋይና ሥር ተለቅሞ 10 ሳንቲሜትር ደቃቅ አፈር ይነጠፋል። ጠርዙ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ ቦይ ውስጥ ተቀብሮ ይታሰራል። ከውሃ በላይ ተገልጦ የሚቀረው ክፍል በፀሐይ ይሰባበራል፤ በአፈር ወይም በቃጫ ይሸፈን። የእንስሳ ሰኮና በአንድ ቀን ይበሳዋል፤ ምስጥና አይጥም ከሥር ይደርሱበታል። ከሁሉ በላይ ግን ፕላስቲኩ እርጥብ ሲሆን ያሟልጫል፤ የገባ ልጅ መውጣት አይችልም። ያለ አጥርና ያለ ገመድ መሰላል የፕላስቲክ ኩሬ መሥራት አይገባም። ይህ በተደጋጋሚ የሚዘነጋ፣ ሕይወት የሚያስከፍል ጉዳይ ነው።

ደለሉን ከኩሬው በፊት አስቁሙት። ጎርፉ ከመግባቱ አስቀድሞ 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ጥልቀት ባላቸው ሁለት ተከታታይ የደለል ጉድጓዶች ይለፍ፤ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላም ይዛቁ። ያልተዛቀ የደለል ጉድጓድ እንደሌለ ይቆጠራል። ትርፉን የሚያወጣው ማስተንፈሻ በተደለደለው ግድብ ላይ ሳይሆን በጎኑ ባልተነካ መሬት ላይ ይቆፈር፤ ወለሉም ከግድቡ ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዝቅ ይበል። የአፈር ግድብ አንዴ ውሃ በአናቱ ከሄደበት ሌሊቱን አያድርም። ዛፍ ነፋስን ይሰብራልና ለትነት ይረዳል፤ ግድቡ ላይ ከተተከለ ግን ሥሩ የውሃ መንገድ ይከፍታል።

ኩሬ ውስጥ ሰው ወርዶ መቅዳት የለበትም። የጊኒ ዎርም የተባለው ጥገኛ ትል የሚተላለፈው ከታመመ እግር ወደ ኩሬ፣ ከኩሬ ወደ ጠጪ ነው። ለሰው የሚሆነው ከኩሬው በታች ዳር ላይ በሚቆፈር ጉድጓድ ቢቀዳ ውሃው በአፈር ተጣርቶ ይደርሳል፤ ስርገቱም በከፊል መልሶ ይያዛል። ከኩሬው በቀጥታ ከተቀዳ ይዝቀጥ፣ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጠለል፣ ከዚያ በክሎሪን ይታከም ወይም ይፈላ። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት ደለሉን ያዘቅጣል፤ የክሎሪንን ወይም የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም።

የአሸዋ ግድብ፦ ውሃን ከፀሐይ መደበቅ

በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈስ፣ በበጋ አሸዋ ሆኖ የሚቀር ወንዝ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን አስቡ። ወንዙን አቋርጦ በአለት ላይ የሚሠራ ከ1 እስከ 3 ሜትር ቁመት ያለው የግንብ ግድብ ነው። ጎርፉ አሸዋ ያመጣና ከግድቡ ኋላ ይሞላዋል፤ ውሃው የሚቀመጠው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ነው። ኬንያ ውስጥ በኪቱይና በማቻኮስ ብዙ ተሠርቷል። ለኩሬ ጠላት የሆነው ጎርፍ የሚያመጣው አፈር እዚህ በከፊል አገልጋይ ይሆናል፤ ትነትም ይገታል፦ ውሃው ከአሸዋው ገጽ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ሲወርድ ትነቱ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። የወባ ትንኝም የምትራባበት ገጽ አታገኝም።

ዋጋው ያለው በአሸዋው ሻካራነት ነው። ሻካራ አሸዋ የራሱን መጠን ሩብ ያህል ውሃ ይለቃል፤ ደቃቅ ደለል 5 በመቶ እንኳ ላይለቅ ይችላል። ወደኋላ 500 ሜትር የሚዘልቅ፣ 15 ሜትር ስፋት፣ ግድቡ ጋ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የአሸዋ ክምር 7,500 ሜትር ኩብ ነው። በሻካራ አሸዋ 1,875 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል፣ በደለል 375 ብቻ። ከ1,875ቱ ውስጥ የላይኛው 60 ሳንቲሜትር ለትነት የተጋለጠ ነውና እሱ ቢቀነስ እንኳ 900 የሚያህለው ከትነት ውጭ ነው። ላይኛው ቀድሞ ከተቀዳ ደግሞ ከዚያም ብዙው ይተርፋል። በዚህ ልክ ለተያዘው መንደር ሰው የ180 ቀኑ ፍላጎት ሊሸፈን ይቃረባል፤ የወንዙ ዳርና ዳር ወደ ውስጥ የመጠጠው ውሃ ተመልሶ ሲጨመርበት ያልፈዋልም።

አሸዋውን መፈተኑ ቀላል ነው። 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከታች በቡሽ የተደፈነ ቀዳዳ ያለው ባልዲ ደረቅ አሸዋ ሙሉ። ውሃው በአሸዋው ገጽ ላይ እስኪታይ እየለካችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ቡሹን ነቅላችሁ የሚወጣውን ሰብስቡ። ከ5 ሊትር ገደማ ከወጣ ጥሩ ነው፤ ከ2 ሊትር በታች ከሆነ ይህን ወንዝ ተዉት። ከላይ ያለው ተፋሰስ ግራናይትና ናይስ የመሰለ አለት ከሆነ ሻካራ አሸዋ ይመጣል። ባዛልትና የኖራ ድንጋይ ከሆነ የሚመጣው ጭቃ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የአሸዋ ግድብ መሥራት የጭቃ ገንዳ መሥራት ነው።

ቀጥሎ አለቱን ፈልጉ። 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ በየ20 ሜትሩ እየመታችሁ አስገቡና ጥልቀቱን መዝግቡ። ግድቡ የሚቆመው አለቱ ሳይቆራረጥ ወንዙን አቋርጦ በተዘረጋበት፣ ከላይ በኩል ደግሞ አሸዋው ጥልቅ በሆነበት ቦታ ነው። ዳሩ ላይ እንደ ሾላ ያሉ ውሃ ወዳጅ ዛፎች በበጋ ለምልመው ከቆሙ ከሥር ውሃ አለ ማለት ነው።

የሚፈርሰው በሦስት መንገድ ነው። መሠረቱ አለቱን ሳይነካ በአሸዋ ላይ ከቆመ ውሃው በሥሩ ይሾልካል፤ ግድቡ ቆሞ አሸዋው ደረቅ ይሆናል። የግድቡ ክንፍ ወደ ዳሩ በቂ ካልገባ ጎርፉ በጎን ዞሮ አዲስ መንገድ ያወጣል፤ ልል አፈር ባለበት ዳር ክንፉ ከ5 እስከ 7 ሜትር ወደ ውስጥ ይዝለቅ። በስተመጨረሻም ከግድቡ ሥር ጎርፉ የሚወድቅበት ቦታ በትላልቅ ድንጋይ ካልተነጠፈ ይቦረቦርና መሠረቱን ያጋልጠዋል። ብዙ ገንቢዎች በአንድ ጊዜ ሙሉ ቁመት አያወጡም፤ በየዝናብ ወቅቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር ይጨምራሉ። ምክንያቱም ከፍ ያለ ግድብ የጎርፉን ፍጥነት ስለሚገድል ጭቃውም አብሮ ይዘቅጣል፤ ዝቅተኛው ግን ጭቃውን በአናቱ አሳልፎ ከባዱን አሸዋ ያስቀራል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውሃውን የሚወስነው ግን ይህ ነው።

ውሃው የሚወጣው ከዳር በሚቆፈርና የእጅ ፓምፕ በሚገጠምለት ጉድጓድ ቢሆን ይመረጣል። በግድቡ ውስጥ የሚሾልክ ቧንቧ ምቹ ይመስላል፤ መገጣጠሚያው ግን የመጀመሪያው መሰንጠቂያ ይሆናል። ግድቡ ከተሞላ በኋላ አሸዋ መሸጥ ውሃን መሸጥ መሆኑ ከመጀመሪያው ይጻፍ፣ ይታገድም።

ቢርካና የጣራ ውሃ፦ ጥቂት፣ ግን የማይተን

በሶማሌ አካባቢዎች ቢርካ ተብሎ የሚታወቀው በግንብ የተገነባ የመሬት ውስጥ ማቆሪያ ነው። ክዳን ካለው ትነቱ እምብዛም ነው፤ የሚይዘው ግን ከሚታሰበው በታች ነው። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቢርካ ከላይ ያልነውን መንደር ሰው ብቻ እንኳ 17 ቀን አያደርሰውም። ለ180 ቀን ከተካፈለ የሚበቃው ለ37 ሰው ነው። ስለዚህ ቢርካ የመንደር ምንጭ ሆኖ ሳይሆን የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት ወይም የጥቂት ቤተሰቦች መጠባበቂያ ሆኖ ይታሰብ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨዋማ በሆነበት አገር ግን ተተኪ የለውም።

ብዙ ቢርካ የሚሰነጠቀው ሲሞላ ሳይሆን ባዶ ሆኖ በፀሐይ ሲመታ ነው። ሲለሰን 1 እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ይሁን፤ ልስኑ ቢያንስ ለ14 ቀን በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በደረቁ ወቅት ከታች አንድ ስንዝር ውሃ አትንኩበት። ዋልካ አፈር ላይ አትገንቡ፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳውን ይገፋዋል። መግቢያው በደለል ጉድጓድና በወንፊት ይለፍ፣ ክዳኑ ይቆለፍ፣ ውሃውም በባልዲ ሳይሆን በፓምፕ ይውጣ። ለማጽዳት ሲገባ ክዳኑ ቀድሞ ይከፈትና ይናፈስ፤ የሚገባውም ሰው በገመድ ታስሮ ሌላ ሰው ከላይ ቆሞ ይጠብቀው።

የጣራ ውሃ ከሁሉ ንጹሕ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ከቆርቆሮ ጣራ 80 በመቶው ይያዛል። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በዓመት 500 ሚሊሜትር በሚዘንብበት ቦታ 40 ሜትር ኩብ ይሰጣል። የሚገድበው ማጠራቀሚያው ነው፦ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ125 ሚሊሜትር ዝናብ ይሞላል፣ የቀረው ሁሉ ይፈስሳል። የአሸንዳው ሆድ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ 1 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ይስፋ፤ በየ1 ሜትሩም 1 ሳንቲሜትር ይዘቅዝቅ። ከየዝናቡ የሚመጣውን የመጀመሪያ ውሃ፣ ለ100 ካሬ ሜትር ቢያንስ 50 ሊትር፣ የወፍ ኩስና አቧራ ስላለበት ለብቻው በቆመ ቧንቧ አስቀሩት። ቧንቧው በታች ጠባብ ቀዳዳ ኖሮት ቀስ ብሎ ራሱን ባዶ ያድርግ፤ ሰው ሄዶ እንዲከፍተው የታሰበው ብዙውን ጊዜ ይረሳል። መቅጃው ከታንከሩ ወለል 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ክፍት ቦታው ሁሉ በጥሩ ወንፊት ይሸፈን።

ጉድጓድ፦ ዝናብ ለዓመታት ሲጠፋ የሚቆየው

ከላይ ያሉት ሁሉ የሚሠሩት ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ ትንሽም ቢሆን ሲጥል ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሚገባው በታች ሆነው አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኩሬም ቢርካም አይሞላም። የሚቀረው በጥልቁ የተጠራቀመ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ስለዚህ ለረጅም ድርቅ ጉድጓድ ያልተካተተበት ዕቅድ ጎዶሎ ነው እንላለን።

በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ መቆፈር ያለበት በደረቁ ወቅት መጨረሻ ነው። በክረምት የተቆፈረ ውሃ ላይ ደርሶ ይቆምና በበጋ ይደርቃል። ከመጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የላይኛው 3 ሜትር ግድግዳ ውሃ በማያሳልፍ ግንብ ይደፈን፣ ዙሪያው ወደ ውጭ ዘቅዝቆ በሲሚንቶ ይነጠፍ። የእጅ ፓምፕ በሰዓት 1 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚያወጣ በ8 ሰዓት ለ400ው ሰው ይበቃል፤ ለመንጋው ግን አይበቃም። እንደ አፍሪዴቭ ያሉት ፓምፖች እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራሉ። ውስጡ ያሉት ጎማዎችና ቀለበቶች ያልቃሉና መለዋወጫውና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች መንደር ውስጥ ካልተገኙ ፓምፑ በ5 ደቂቃ በሚጠገን ብልሽት ለወራት ይቆማል። ሞተር ያለበት ፓምፕ ወደ ጉድጓድ ውስጥ ይዞ መውረድ አይሞከር፤ የጭሱ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የወረደውንም ሊያድነው የሚወርደውንም ይገድላል።

ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ጥራቱና የማመንጨት አቅሙ ሳይለካ ፓምፕ አይገጠም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ በላይ ለዓመታት መጠጣት ጥርስና አጥንት ያበላሻል። ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው ሲቀንስ ይባሱን ያጠነክረዋል። በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ሲደምን ስለሚያንስ ግን የሁለት ቀን ውሃ የሚይዝ ከፍ ያለ ታንከር ያስፈልገዋል።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። ቋሚ ውሃ ባልነበረበት የክረምት ግጦሽ ላይ ጉድጓድ ወይም ቢርካ ከወጣ መንጋው ዓመቱን ሙሉ ይሰፍርበታል፤ ለበጋ የሚቆየው ሳር ያልቃል፣ ቀጣዩ ድርቅ ውሃ እያለ ከብት ይጨርሳል። ቦታው ከመወሰኑ በፊት የግጦሹን ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ይጠየቁ። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ትውልድ የተሻገሩት የትኛው መንጋ በስንተኛው ቀን ይጠጣል የሚለውን የሚያስተዳድር አባ ሄረጋ ስላላቸው ነው።

እርከን፣ ክትርና የዝናብ ማስረጊያ ጉድጓድ ከእነዚህ ጋር የሚሠሩ እንጂ የሚተኩ አይደሉም። ውሃው ሲወጣ ለማየት ዓመታት ይወስዳል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ በተፋሰስ ሥራ ደረቅ መሬቱን ወደ ጉድጓድ ውሃ መልሶ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። ጉድጓድ የምትቆፍሩ ከሆነ ከላዩ ያለውን ተራራ ሳትነኩ አትተዉት።

ታዲያ የቱን?

ሻካራ አሸዋና አለት ያለው ወንዝ ካለ የሰውን ውሃ በአሸዋ ግድብ ጀምሩ። ወንዝ የሌለበት ሸክላማ ሜዳ ከሆነ ጥልቅ ኩሬ ለእንስሳ፣ የጣራ ውሃና የእጅ ጉድጓድ ለሰው ይሁን። ከርሰ ምድሩ ጨዋማ ወይም ፍሎራይዳም ከሆነ ቢርካና ጣራ መጠጡን ይሸከሙ፤ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና፣ ጨው ካልበዛበት፣ ለእንስሳ ይዋል። አሸዋማና አሳላፊ መሬት ላይ ያለ መደልደያ ኩሬ አትቆፍሩ። የዝናብ ወቅት በተከታታይ የሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ምንም ተመረጠ ምን፣ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ከብዙ መንደር ጋር በጋራም ቢሆን ይኑራችሁ።

ከአንድ በላይ ምንጭ ሲኖር የአቀዳዱ ቅደም ተከተል ራሱ ውሃ ይጨምራል። ትነት የሚወስደውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ የጣራውን፣ ዝናቡ ሲያቆም የኩሬውን፣ ቀጥሎ የአሸዋ ግድቡን፣ በመጨረሻ የተከደነ ቢርካውንና ጥልቁን ጉድጓድ። ብዙ ቦታ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ ንጹሑና ቅርቡ ቢርካ ቀድሞ ያልቃል፣ ኩሬው ለፀሐይ ይቀራል።

ኩሬው ውስጥ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ያለው ቋሚ እንጨት ወይም ብረት አቁሙ፤ የውሃ ኮሚቴው በየሳምንቱ በአንድ ቀን አንብቦ ይመዝግብ። በሳምንት ከሚቀዳው በላይ የሚወርድ ከሆነ ልዩነቱ ትነትና ስርገት ነው፤ በሳምንት ከ6 ሳንቲሜትር እጅግ ካለፈ የሚያሾልክ ቦታ ፈልጉ። ደንቡ የሚጻፈው ኩሬው ሙሉ ሳለ ነው፦ በየትኛው ምልክት የአትክልት ማጠጣት ይቆማል፣ በየትኛው ከብቱ ወደ ሌላ ውሃ ይነሣል፣ በየትኛው ለቤተሰብ በቀን ስንት ጀሪካን ይሆናል። ጀሪካኑ ሁሉ 20 ሊትር መሆኑ ይረጋገጥ። 5 ሰው ላለበት ቤት 15 ሊትሩ በቀን 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የጎደለ ነው። ከሦስት ጀሪካን በታች የሚወርድ ደንብ እጅ መታጠብን አስቀርቶ ተቅማጥ ስለሚያመጣ፣ እዚያ ምልክት ላይ ከመድረሱ በፊት ከብቱ መነሣት አለበት።